ልክ ያልወሰድኩለት

ስድስት ወሯ ነበር፣ ጦይባ፣ የሄድሽ ለት፤
ጭጋግ ጦሳን ውጦት፣ አስፋልቱን አልብሶት።
ረዳቱ በቁጣ ስምሽን ሲጠራ፣
ክንዴን ዘረጋሁኝ፤ አስታቀፍሽኝ አደራ።

እኔ ምን አውቅና?
ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ሲንጀሬ ላይ ጎብጬ፣
ዕድሜዬን የፈጀሁ፣ ክር በጥርስ ቆርጬ፤
የስንቱን ትከሻ፣ የስንቱን ክንድ ለካሁ፤
ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ ግን፣ ወላሂ፣ አላወቅሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሌሊቱን አለቀሰች፤
ከጢሜ ሸሽታ ወደ በሩ ዞረች፤
የጡጦ ወተቷን በምላሷ ገፋች፤
መጋረጃው ሲነቃነቅ፣ አንቺ መስለሻት፣ ነቃች።
አሮጌ ሻሽሽን አንገቴ ላይ አሰርኩ፤
ያንቺን ጠረን ለብሼ፣ በስርቆት ቀረብኩ።
በአሥራ አምስት ቀኑ ሻሹ እኔን እኔን ሸተተ፤
እሷም አላማረረች፤ ልቅሶዋ ተከተተ።

ከዚያ አንድ ማታ፣
የሐጂ ኑርዬን ኮት ለዒድ ላደርስ ስሮጥ፣
ከእግሬ ሥር አስተኛኋት፣ በካርቶን ሳጥን ውስጥ።
ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ ፔዳሉ።
ዝም አለች። አየችኝ።
እግሬን ሳቆም ታለቅሳለች፤ ስረግጥ ዝም ትላለች፤
ከተረከዜ እስከ ጆሮዋ አንድ ክር ዘረጋች።

"ይማሜ፣ ጡት አወጣህ ወይ?" ይሉኛል ደንበኞቼ፤
እኔም ስቄ አልፋለሁ፣ መርፌዬን በጥርሴ ነክሼ።

ዳዴ ማለት ስትጀምር እስከ ደፉ ትሄድና
ዞራ ታየኛለች። "አለህ?" ትላለች በዓይኗ።
"አለሁ፣ አብሽሪ።"
እንደገና ትሄዳለች፣ አንድ ክንድ ጨምራ።
ለካ እሷም ልክ ትወስዳለች፤
ከእኔ እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ እስከ እኔ፤
ምልክት አታደርግም፣ ኖራ የላት፣ መቀስ የላት፤
እኔን ብቻ ነው ሜትሩ ከሚጀምርበት ያሰረችው።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር።
መጣሽ፤ አሻንጉሊት፣ ቸኮላታ፣ ከነሽቶሽ፣ ከነሻንጣሽ።
"ረምላዬ!" አልሽ፣ ክንድሽ እንደተዘረጋ፤
እሷ ከሱሪዬ ኋላ፤ ማንም አልተጠጋ።

ያን ማታ ነገርሽኝ፣ ወደ ግድግዳው ዞረሽ፤
ሪያድ ውስጥ፣ በሰው ቤት፣ ሌላ ሕፃን እንዳሳደግሽ፤
"ጦይ ጦይ" እያለ አፉን እንደፈታብሽ፤
ሻንጣሽን ያየ ቀን ቀሚስሽን ጨብጦ እንደጮኸብሽ፤
ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀሽ እንደመጣሽ።
"ያ ልጅ ይሄኔ በር በር ያያል" አልሽ።
ዝም አልን።
"የኔዋ ደግሞ ከእኔ ትሸሻለች።"
ዝም አልን።

ልዋሽሽ አልችልም፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጦይባ፣
ከእኔ ኋላ መሸሸጓ፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እንደ ሌባ።

በአሥረኛው ቀን ይሁን፣ ወይስ በአሥራ አንደኛው፣
ከወንበሬ ተነሳሁ፤ "ነይ፣ ተቀመጪ፣ ርገጪው።"
እግርሽ አልለመደም፣ ክሩ ተበጠሰ፤
የሰው ሱሪ አበላሸሽ፣ ዋጋው ከኪሴ ፈሰሰ፤
ግን ድምፁ መጣ፤ ቀጭ... ቀጭ ቀጭ... እያነከሰ።

ረምላ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች፤
እግርሽን አየች። እኔን አየች።
እንደዚያ እንደ ዳዴ ዘመኗ ርቀቱን ሰፈረች፤
መጥታ፣ ጉልበትሽ ላይ ሳይሆን፣ አትቸኩዪ፣
የማሽኑ ብረት ላይ እጇን አሳረፈች።

እኔ ደፉ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ ሜትሬ አንገቴ ላይ ነው።
ዞራ አየችኝ።
"አለሁ።"
አንቺ ብቻ፣ እህቴ፣ እግርሽን ከፔዳሉ አታንሺ።